ፀዳል ቢራ፦ ለካሜራ የሚሆን የፈጠራ ምርት ከስሙ እስከ ቆርኪው

ድራማ ውስጥ የቢራ ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ሲለጠፍ ወይም ኤዲቲንግ ላይ ብዥ ሲደረግ፣ የተመልካች ዓይን ከተዋናዩ ፊት ይነሳና እዚያው ጠርሙሱ ላይ ይቀራል። እውነተኛውን ምርት ማሳየትም አይመችም። ባለቤቱ ምርቱ የጠብ ትዕይንት ውስጥ እንዲታይ አይፈልግም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ስለከለከለ ጣቢያውም ይጠነቀቃል። የሚያዋጣው የራስን ምርት መፍጠር ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው ኧርል ሄይስ ፕሬስ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ለፊልም ብቻ የሚሆኑ ጋዜጦችና ሌብሎች ያትማል። «ሞርሊ» ሲጋራና «ሃይስለር» ቢራም በብዙ የአሜሪካ ፊልሞችና ድራማዎች ላይ ይታያሉ፤ ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው ግን የለም።

እዚህ የምንሠራው «ፀዳል» የሚባል ቢራ ነው፤ አንድ ሳጥን፣ 24 ጠርሙስ።

ስሙን ከመውደዳችሁ በፊት አስፈትሹ። የተመዘገበ የንግድ ምልክት ባለቤት፣ ሌላው ሰው አሳሳች ተመሳሳይነት ያለው ምልክት እንዳይጠቀም የመከልከል መብት ስላለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መዝገብ ይቀድማል። ከዚያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ፈልጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስሙን በአንድ ፊደል ብቻ ይፈልግና «የለም» ብሎ ያልፋል። «ፀዳል»ን በፀሐዩ ፀ ፈልጋችሁ ብታጡት በጸሎቱ ጸ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ ያለበት ስም ሁሉ በየአጻጻፉ፣ በላቲን ፊደልም ጭምር መታየት አለበት።

ዲዛይኑ የቢራን ወግ ይያዝ እንጂ የአንድን ፋብሪካ መልክ አይያዝ። ክብ ወይም ሞላላ ማዕከል፣ ከላይ በቅስት የተጻፈ ስም፣ የገብስ ዛላ፣ ከታች ሪባን፤ እነዚህ የማንም አይደሉም። የአንዱን ቀለም፣ የአንዱን እንስሳና የፊደሉን ቅርጽ በአንድነት ከወሰዳችሁ ግን ስሙን መቀየራችሁ አያድናችሁም። ተቃራኒው ጥፋትም አለ፦ «ቢራ» ብቻ የተጻፈበት ባዶ ሌብል ከፕላስተሩ በምንም አይሻልም።

ሌብሉን የሚያሳምነው ማንም የማያነበው ጥቃቅን ጽሑፍ ነው። 330 ሚ.ሊ፣ የአልኮል መጠን 5%፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም፣ የተመረተበት ቀን፣ ፖ.ሣ.ቁ.። ባርኮዱን ከሌላ ዕቃ አትቅዱ፤ ከ200 እስከ 299 ባሉት ቁጥሮች የሚጀምር ባለ 13 አሃዝ ኮድ ሥሩ፣ እነዚህ ለሱቆች የውስጥ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ የማንም ምርት መለያ ሆነው አይገኙም። ስልክ ቁጥር አትጻፉ፤ የግድ ከሆነም ፕሮዳክሽኑ ራሱ የያዘው ቁጥር ይሁን፣ የሚደውል ተመልካች አይጠፋምና። የደረጃ ማኅተምና የመንግሥት አርማ ክልክል ነው። ታሪኩ በደርግ ዘመን ከሆነ ባርኮዱን አውጡት።

መጠኑን ከጠርሙሱ ውሰዱ። ወረቀት ጠምጥማችሁ ስትለኩት ዙሪያው ወደ 19 ሳ.ሜ ይመጣል፤ 9 ሳ.ሜ ስፋትና 8 ሳ.ሜ ቁመት ያለው ሌብል ከካሜራ ፊት በቂ ነው። መጀመሪያ በተራ ወረቀት በልኩ አትሙና ጠርሙሱ ላይ ጠምጥማችሁ ከ2 ሜትር በስልክ አንሱት። የእኛን ስም የሚያስቸግረው ራሱ ፀ ነው። ክቡ መሐል የምታልፈው መስመር ፊደሉ ሲያንስ በቀለም ትሞላና ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ የመ እና የወ ዓይኖችም እንዲሁ ይዘጋሉ። በፊደል መጠን ከ6 ነጥብ (ፖይንት) በታች አትውረዱ፣ ወፍራም ፊደልም ለትልቁ ስም ብቻ ይሁን። ነጩ ንጹሕ ነጭ ከሆነ መብራት ሲያርፍበት ካሜራው ላይ ከልክ በላይ ያበራል፤ ክሬም አድርጉት። የወርቅ ፎይልም ይቅር፣ ሰናፍጭ ቀለም ካሜራ ላይ ወርቅ ይመስላል።

ማተሚያ ቤቱን የፕላስቲክ ስቲከር ከማት (ከማያብለጨልጭ) ላሚኔሽን ጋር ጠይቁ። የወረቀት ስቲከር ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ሲያልበው ይላጣል፤ የሚያብለጨልጨው ላሚኔሽን ደግሞ መብራቱን መልሶ ሌንሱ ውስጥ ይከታል። አንድ ኤ3 ወረቀት 15 ሌብል ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለት ወረቀት ለ24 ጠርሙስ በቅቶ 6 መጠባበቂያ ይተርፋል።

ለጠርሙሱ ያልተከፈተ ማልት ግዙ፤ ሲከፈት ጭስ የሚለው ድምፅም አረፋውም እውነተኛ ይሆናል፣ ተዋናዩም አሥር ጊዜ ቢደግም አይሰክርም። የፋብሪካ ስም መስተዋቱ ላይ በጉብታ የተጻፈበትን አትምረጡ። ሌብሉን ለማላቀቅ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትናችሁ 45 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ውሃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ የታሸገ ጠርሙስ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት አሽታችሁ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ በፋርማሲ አልኮል ጥረጉት። ይህን የመጨረሻውን የዘለለ ሰው ዘይቱ ላይ ይለጥፍና ሌብሉ በማግስቱ ጠርዙ ተነስቶ ያገኘዋል።

ለመለጠፍ ጠርሙሱን በሁለት ወፍራም መጽሐፍ መካከል አስተኙት፤ አይንከባለልም። የሌብሉ ታች ከጠርሙሱ መቀመጫ 2 ሳ.ሜ ይራቅ፣ ለሁሉም በአንድ የእንጨት ቁራጭ ለኩ። ከመሐል ወደ ጠርዝ በጨርቅ ጫኑት። ጠርሙሱ ደረቅና በክፍሉ ሙቀት ላይ መሆን አለበት፤ ካደረ በኋላ ነው ወደ ፍሪጅ የሚገባው። ከሳጥን ጋር ሲፋተግ በኖረው ጠርሙስ ትከሻ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት አታጥፉት፣ የሠፈር ግሮሰሪ ጠርሙስ መልኩ ያ ነው።

ቆርኪው ይረሳል። ክሎዝ አፕ (በቅርበት የሚነሳ ምስል) ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ የእውነተኛው ፋብሪካ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አናቱን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ 24 ሚ.ሜ ክብ ስቲከር ለጥፉበት። ሳጥኑም የፋብሪካ ስም ስላለበት ጀርባውን አዙሩት ወይም በራሳችሁ ስቲከር ሸፍኑት።

ቀረጻ ላይ የጠርሙሱ ላብ በመብራት ቶሎ ይደርቃል። ግሊሰሪንና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በመርጫ ንፉበት፤ ጠብታው ለሰዓታት አይነቃነቅም። ተዋናዩ የሚይዝበትን ቦታና አፉን ግን ዝለሉ፣ ያንሸራትታል። ካሜራ ፊት የሚከፈት ከሆነ ለእያንዳንዱ ቴክ (ትዕይንቱ በተቀረጸ ቁጥር) አንድ የታሸገ ጠርሙስ ቁጠሩ፤ ቴኩ ባለቀ ቁጥርም የመጠጡን ከፍታና ሌብሉ የዞረበትን አቅጣጫ ፎቶ አንሱ።

ሲያልቅ ባዶዎቹን ለግሮሰሪው ከመመለሳችሁ በፊት ሌብሎቹን ላጡ። አንድ የታሸገ ጠርሙስ፣ ስድስቱን ትርፍ ሌብሎችና የዲዛይኑን ፋይል ኤዲቲንጉ እስኪዘጋ አስቀምጡ፤ ከወር በኋላ የእጅ ክሎዝ አፕ ጎድሏል ተብሎ ሊደወል ይችላል።