አንድ እሁድ በባርሴሎና፦ ከሳርዳና ጭፈራ እስከ ታዑል ሥዕል

ለዚህ ጉዞ እሁድን መምረጥ ይገባል፤ የካታሎኒያ ባህላዊ ጭፈራ ሳርዳና በካቴድራሉ ፊት ለፊት የሚጨፈረው በአብዛኛው እሁድ ረፋድ ላይ ነውና። በኦገስት ወር ስለሚቋረጥ ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ረፋድ 4፡30 ገደማ ከአደባባዩ ይድረሱ። መጀመሪያ ከካቴድራሉ ትይዩ ያለውን የአርክቴክቶች ማኅበር ሕንፃ ይመልከቱ፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች የነደፈው ፓብሎ ፒካሶ ሲሆን፣ ኮንክሪቱ ላይ የቀረጻቸው ኖርዌያዊው ካርል ኔስያር ነው።

ከዚያ ኮብላ ወደሚባለው የሙዚቃ ቡድን ይጠጉ። ተጫዋቾቹ 11፣ መሣሪያዎቹ ግን 12 ናቸው፤ አንዱ ሰው በግራ እጁ ፍላቢዮል የተባለች ትንሽ ዋሽንት እየነፋ፣ ክንዱ ላይ የታሰረችውን ከበሮ በቀኝ እጁ በዘንግ ይመታል። ዋሽንቷ ብቻዋን ስትሰማ ጨፋሪዎች ቦርሳና ኮታቸውን መሐል ላይ ከምረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። በአጭሩ እርምጃ ክንድ ወደ ታች ይወርዳል፣ በረጅሙ እስከ ትከሻ ከፍ ይላል። እርስዎም ይግቡ፤ ነገር ግን በወንድና በስተቀኙ ባለች ሴት መካከል መግባት ነውር ነው። ጀማሪዎች የሚጨፍሩበትን ክብ ፈልጎ የጎረቤትን እግር እያዩ መከተል ይሻላል፤ ሳርዳና ቆሞ በማየት ብቻ አይገባም፣ በየምቱ የሚቆጠር ሒሳብ አለውና።

ጭፈራው ሲያበቃ ከሊሴው ጣቢያ በሦስተኛው የሜትሮ መስመር ወደ ኤስፓኛ ይሂዱና ሞንጁይክ ኮረብታ ላይ ወዳለው የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይውጡ። እሁድ 9 ሰዓት (በአገሩ አቆጣጠር 15፡00) ላይ ስለሚዘጋ ሁሉንም ለማዳረስ አይሞክሩ፤ ጊዜዎን በሙሉ ለሮማነስክ (ለ11ኛውና ለ12ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥበብ) ክፍል ይስጡ። በክፍሉ ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች የመጡት ከፒሬኔ ተራሮች አብያተ ክርስቲያናት ነው። የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተሽጦ ወደ አሜሪካ በመሄዱ፣ ሌሎቹም እንዳይከተሉት ከ1919 እስከ 1923 ባለሙያዎች ሥዕሎቹ ላይ ጨርቅ በሙጫ እየለጠፉ፣ ሲደርቅ ቀለሙን ከግድግዳው ልጠው፣ ጠቅልለው ወደ ባርሴሎና አወረዷቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው በ1123 ከተቀደሰው፣ ታዑል በተባለች የፒሬኔ መንደር ከሚገኘው ከቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን የመጣው ግማሽ ክብ የመቅደስ ግድግዳ ነው። ክርስቶስ «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚል መጽሐፍ ይዞ በግርማ ተቀምጧል፤ በዙሪያው የአራቱ ወንጌላውያን ምልክቶች አሉ። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ከአርባዕቱ እንስሳ ጋር የሚሳለውን ሥዕል የሚያውቅ ሰው እዚህ ባዳ አይሆንም። ከመውጣትዎ በፊት ቀና ብለው ቅስቱ ላይ ሰባት ዓይን ያለውን በግ ይፈልጉ፤ ከፍ ብሎ ስለተሳለ በቀላሉ ያመልጣል።