ለውድድር ሮቦት የሚስማማ ጆይስቲክ አመራረጥ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ለሮቦት ውድድር የሚዘጋጅ ቡድን ጆይስቲክ (ሮቦቱን በእጅ ማዘዣ መቆጣጠሪያ) ከመግዛቱ በፊት የውድድሩን ደንብ ማንበብ ይኖርበታል፤ አንዳንዱ ውድድር የሚፈቅዳቸውን ሞዴሎች በስም ስለሚዘረዝር፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ዕቃ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሜዳ አይገባም።

ሻጩ ከፈቀደ ላፕቶፕ ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ መሞከር ይመረጣል። ዊንዶውስ ላይ የጌም መቆጣጠሪያዎችን መስኮት ከፍቶ እያንዳንዱን ቁልፍ መጫን፣ ዘንጉንም በአራቱም አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ነው። ዘንጉ ሲለቀቅ ወደ መሃል መመለስ አለበት። የሮቦቱ ፕሮግራም የዘንጉን ቦታ መሃሉን 0 አድርጎ ከ-1 እስከ 1 በሚለካበት ንባብ 0.02 ያህል ቢዛነፍ ፕሮግራሙ ችላ እንዲለው ማድረግ ይቻላል፤ 0.2 የሚዛነፈውን ግን አለመግዛት ነው፣ ሮቦቱ ሳይታዘዝ ይንቀሳቀሳልና።

ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ሎጊቴክ ኤፍ310 የተባለው ጆይስቲክ ከጀርባው «ኤክስ» እና «ዲ» የሚል መቀያየሪያ አለው፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። በኤክስ ላይ ሲሆን በአመልካች ጣት የሚሳቡት ሁለቱ የታችኛው ቁልፎች ምን ያህል እንደተሳቡ ደረጃ በደረጃ ይናገራሉ፤ በዲ ላይ ግን መጫን አለመጫናቸውን ብቻ ያሳውቃሉ፣ የሌሎቹም ቁልፎች ቁጥር ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ ለአንደኛው ተጽፎ መቀያየሪያው በሌላኛው ላይ ከተገኘ፣ የሮቦቱን ክንድ ለማንሳት የተጫነው ቁልፍ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቦታው ከተወሰነ በኋላ መቀያየሪያውን በፕላስተር መሸፈን እመክራለሁ።

ሁለት ጆይስቲክ የሚሰካ ቡድን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የትኛው 0፣ የትኛው 1 ተብሎ እንደተመዘገበ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ያረጋግጥ።