የሞተር ዘይት አዲቲቭ ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ? ጠርሙሱን ከመግዛትዎ በፊት የሚያደርጉት ፍተሻ

ቃሊቲ አካባቢ ዘይት ሊገዙ ሱቅ ከገቡ ሻጩ ዝም ብሎ አይሸኝዎትም። «ይቺንም ጣል ያድርጉበት፣ ሞተሩን አዲስ ነው የምታደርገው» ይልና አንዲት ትንሽ የአዲቲቭ (ዘይቱ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ጠርሙስ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ጭስ ታጠፋለች፣ ድምፅ ታለሰልሳለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች። እሷ ይህን ሁሉ ከሠራች መካኒኮች ምን ሊበሉ ነው?

ነገሩ ግን ለብዙዎቻችን የምር ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ መልሱን ላስቀድም፦ ጤነኛ ሞተር አዲቲቭ አያስፈልገውም፣ የታመመውም በአብዛኛው አይድንበትም። ጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉ። የእርስዎ መኪና ከነሱ ውስጥ መሆን አለመሆኗን ለማወቅ እንዲህ ያድርጉ።

1. መጀመሪያ የዘይቱን ቆርቆሮ ያንብቡ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፦ የገዙት ዘይት ራሱ አዲቲቭ አለበት። ከይዘቱ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ፋብሪካ ውስጥ የተቀላቀለ ንጥረ ነገር ነው። አንዱ ቆሻሻ ያጥባል። ሌላው ጥላሸቱ ተጓጉሎ እንዳይዘቅጥ በትኖ ይይዘዋል። የዚንክና የፎስፈረስ ውህዱ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ይከላከላል። ዘይቱ ሲግል እንዳይቀጥን የሚያደርግ አለ፣ አረፋ እንዳያወጣ የሚያደርግም አለ። እነዚህ ሁሉ በልክ የተመጠኑ ናቸው። ከላይ ሌላ ጠርሙስ መገልበጥ ሳይቀምሱ ወጥ ላይ ጨው እንደመጨመር ነው። ለምሳሌ ፎስፈረስ ሲበዛ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ አጽጂ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ያበላሻል። ለዚህም ነው በአዳዲሶቹ ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች ውስጥ መጠኑ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነው።

ቆርቆሮው ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ 5ደብሊው-30፣ 20ደብሊው-50 የሚለው። መኪናዎ የምትፈልገው በመመሪያዋ፣ አንዳንዴም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ተጽፏል። «አገራችን ሙቅ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል» የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ይስሙት። የአዳዲሶቹ ሞተሮች ቫልቭ መቆጣጠሪያ የሚሠራው በቀጭን ቱቦዎች በሚያልፍ ዘይት ግፊት ነው። ወፍራም ዘይት እዚያ ጋ ይንገዳገዳል።

ሁለተኛው የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃው ነው። በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምር ለናፍጣ ነው። ቀጣዩ ፊደል በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ወደ ዜድ በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፦ ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። ለጠርሙሷ ያሰቡት ብር ካለ እዚህ ላይ ያውሉት። የተሻለ ደረጃ ያለው ዘይትና ኦሪጅናል ፊልትሮ ከማንኛውም አዲቲቭ ይበልጣሉ። ክዳኑ የተነካካ ቆርቆሮ ግን በርካሽም ቢሆን አይግዙ።

2. ዘይት ምን ያህል እንደምትበላ ይለኩ

«ዘይት ትበላለች» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ስንት? መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ኮብልስቶን የተነጠፈበት ዳገታማ መንደር ውስጥ ከሆኑ ይህች ሥራ ማደያ ድረስ ትወስድዎት ይሆናል፤ ዘንበል ብላ የቆመች መኪና ውሸት ነው የምትነግርዎ። ሞተሩን አጥፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን መዝዘው ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ኪሎ ሜትሩን ወረቀት ላይ ጽፈው መኪናው ኪስ ውስጥ ያኑሩት። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ይድገሙት።

በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ሩቡን ያህል ብቻ ከቀነሰ ላረጀ ሞተር አያስጨንቅም፤ እየጨመሩ መንዳት ነው። ሙሉውን ከጨረሰ ግን ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

3. ጭሱን ያዳምጡት

ጥቁር ጭስ የነዳጅ ብዛት ነው፤ ከዘይት ጋር አይገናኝም። ነጭና የማይቆም ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ሊነግርዎት ይችላል። ሰማያዊው ነው የዘይት።

ሰማያዊው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት የከተማችን ዳር ጥሩ መሣሪያ አለው፣ ዳገትና ቁልቁለት። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን መንገድ ይውሰዱ። ጓደኛዎ ከኋላ በሌላ መኪና ይከተልዎት። ዳገቱን ሲወጡ፣ ሞተሩ ሲጨነቅ፣ ሰማያዊ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ጥርጣሬው የፒስተን ሪንግ (ዘይት ነዳጁ ወደሚቃጠልበት እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት) ላይ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ ደግሞ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ አድርገው ይውረዱ። ታች ደርሰው መልሰው ሲረግጡ አንዴ ቡፍ ብሎ ከጠፋ ችግሩ የቫልቭ ሲል የሚባሉት ትናንሽ ጎማዎች ናቸው። ጠዋት መጀመሪያ ሲያስነሱ ብቻ የሚጨስ ከሆነም እነሱው ናቸው። የጎማዎቹ ሥራ ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም፣ ቀላል ነው። ይህን ሳያውቁ «ሪንግ ነው» ተብለው ሞተር ያስፈቱ ስንት አሉ!

አንዲት ርካሽ ዕቃም አለች፤ ፒሲቪ ቫልቭ። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይት በየቀዳዳው ይገፋል። ከማንኛውም ጠርሙስ በፊት እሷን ያስፈትሹ።

4. የሚንጠባጠብ ከሆነ ካርቶን ያንጥፉ

ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያስገቡ፣ ጠዋት ይዩት። ከላይ ከቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን የሚወርድ ከሆነ መቀየር ነው፤ አዲቲቭ አይነካውም።

5. አሁን ስለ ጠርሙሶቹ

ጭስ ማጥፊያ የሚባሉት በአብዛኛው ወፍራም ፖሊመር ናቸው። ዘይቱን ያወፍሩታል፣ ጭሱም ይቀንሳል፣ ያለቀው ሪንግ ግን ያለቀ ነው። ሞተሩን ለማሳደስ ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ጥቂት ወራት ማለፍ ከፈለጉ ያስኬዳል። እኔ ጭስ ማጥፊያ ለመጨመር ከሚሰጡት ምክንያቶች ይህንን ብቻ ነው የምቀበለው።

ማፍሰስ የሚያቆሙት የደረቀ የጎማ ሲል አለስልሰው ያሳብጣሉ። በቀስታ ለሚያንጠባጥብ አሮጌ ሲል አንዳንዴ ይረዳሉ። ለተቀደደ አይሠሩም።

ሰበቃ ይቀንሳሉ የሚባሉት ናቸው ብዙ የሚያወሩት። በአሜሪካ ስሊክ 50 የተባለው በዚህ መስክ ስመ ጥር ነበር፤ ውስጡ ያለው የማይጣበቅ መጥበሻ የሚለበጥበት ንጥረ ነገር ነው። የሞተር መበላትን ይቀንሳል የሚለውን ማስታወቂያ ማረጋገጫ የለውም ብሎ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ከሰሰ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1997 በስምምነት አለቀ። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል የምትነዱ ደግሞ እነዚህን ጭራሽ አትንኩ። ፍሪሲዮኑ እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ዘይቱ ሲያዳልጥ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል።

ሞተር ማጠቢያ፣ የሰፈሩ ዘዴ የሆነው ላምባ ወይም ናፍጣ ጨምሮ ማጠብም ጭምር፣ ለዓመታት ዘይቷ በአግባቡ ላልተቀየረ መኪና አደገኛ ነው። የተጋገረው ቆሻሻ አንዴ ተሰባብሮ ሲወርድ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩም ነክሶ ይቀራል። በምትኩ ጥሩ ዘይት ሞልተው በ1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነፊልትሮው ይቀይሩ፣ ከዚያ አንዴ ይድገሙት። ቀስ እያለ ያጥበዋል።

የዘይት መብራት ከበራ ግን ምንም አይጨምሩ። ያጥፉና ደረጃውን ይዩ፤ ሙሉ ሆኖ ከበራ ሳያስነሱ ያስጎትቱ።

6. ያገለገለ መኪና ሊገዙ ከሆነ

ሻጩ ማወፈሪያ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። መለኪያውን ሲመዙ ዘይቱ እንደ ማር እየተሳበ ከወረደ ይጠርጥሩ። መኪናዋ በደንብ እስክትግል ነድተው የዳገትና የቁልቁለቱን ፍተሻ ያድርጉ። ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት «ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ላስነሳው» ይበሉ። ሻጩ እምቢ ካለ መልስዎን አገኙ።

አስቀድመው ጨምረው ከሆነስ?

አይደንግጡ፣ አንዲት ጠርሙስ ሞተር አትገድልም። መለኪያውን ይዩ፤ ጠርሙሷ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ስለምትይዝ ዘይቱ ሙሉ እያለ ከጨመሩ ከላይኛው ምልክት አልፎ ይሆናል። የበዛ ዘይት በክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ በሚሽከረከረው ዘንግ) እየተመታ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ትርፉን ያስቀንሱ። ከዚያ ቀጣዩን የዘይት ለውጥ ቀደም ያድርጉት፤ አቧራማ መንገድና መጨናነቅ ላይ ለምትውል መኪና 5,000 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ረጅም ነው። የአየር ማጣሪያውንም በዚያው አራግፈው ወደ ብርሃን ያዙት፣ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት።