ታጣፊ ስልክ ልትገዙ ካሰባችሁ፦ አዳማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከአንድ ጁስ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኛውም መንገደኛውም ቆም ብሎ "ታጣፊ ልገዛ ነው፣ ምን ትላለህ?" ይለኛል። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ "ሲታጠፍ ሲዘረጋ አይሰበርም?" መጠየቁ ክፋት የለውም። ግን እስካሁን ተበላሽተው እጄ ከገቡት ታጣፊዎች ውስጥ መታጠፍ ስለበዛበት ብቻ የሞተ አላጋጠመኝም። የገደላቸው ሌላ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከመግዛት በፊት፣ ወይም በተገዛ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሠራ ስህተት ነው። አንድ በአንድ ላውራችሁ። አንዳንዱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ የሰው ገንዘብ ሲቀልጥ ያየሁት እዚያ ላይ ስለሆነ።

ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ማስላት

አምራቾቹ የሚሰጡት ቁጥር የውሸት አይደለም። ሳምሰንግ ፎልድ ለሚላቸው፣ እንደ መጽሐፍ ለሚከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ታጣፊዎቹ 200,000 ጊዜ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለወጣው ዜድ ፎልድ 7 ስክሪን ደግሞ 500,000 ጊዜ ብሏል። በቀን 100 ጊዜ ብትከፍቱትና ብትዘጉት የመጀመሪያው አምስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ሁለተኛው ከ13 ዓመት በላይ ይሄዳል። ያን ያህል ጊዜ አንድ ስልክ ይዞ የሚቆይ ስንት ሰው አለ? ባትሪው ቀድሞ ይደክማል።

ነገሩ ግን ቁጥሩ የሚወጣበት ፈተና ላይ ስልኩን የሚያጥፈው ማሽን ነው። ማሽኑ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበትና ፍጥነት ይዘጋል፣ ይከፍታል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ አይከትተውም። በአንድ እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በሌላው አውራ ጣቱን ከስንጥቁ አስገብቶ ስክሪኑን በጥፍሩ እየገፋ አይከፍተውም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ስክሪኑ መታጠፍን እንደሚችል ብቻ ነው። የእናንተን ኪስ ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም።

አይፒ የሚለውን ግማሹን ብቻ ማንበብ

ለአዳማ ሰው ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻጩ "ውሃ አይገባውም" ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። ዝርዝሩ ላይ አይፒኤክስ8፣ አይፒ48 ወይም አይፒ68 የሚል ጽሑፍ አለ። ከ"አይፒ" ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ምልክት የአቧራና የጠጣር ነገር ነው፤ ሁለተኛው የውሃ። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን አይቶ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት ዜድ ፎልድ 3 እና ቁልቁል የሚታጠፈው ዜድ ፍሊፕ 3 አይፒኤክስ8 ናቸው፤ ኤክሱ ለአቧራ የተሰጠ ደረጃ የለም ማለት ነው። በ2024 የመጣው ዜድ ፎልድ 6 እና በ2025 የመጣው ፎልድ 7 አይፒ48 ሆኑ። አራት ቁጥር ትልቅ እድገት ይመስላል። ትርጉሙ ግን አንድ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጠጣር ነገር አይገባም ነው።

አሁን የአዳማን ነፋስ አስቡት። ኮረብታዎቹ ላይ ያሉትን 136 ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድን 34 እና የአዳማ ሁለትን 102፣ የሚያዞረው ነፋስ ነው። መሬቱ ከደረቀ በኋላ ያው ነፋስ አፈሩን አንስቶ ከተማው ላይ ይበትነዋል። ጠዋት የወለወላችሁት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በጣታችሁ ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ያ አቧራ ዱቄት ነው፤ አንዷ ቅንጣት አንድ ሚሊሜትር የት ደርሳ! አራት ቁጥር የሚከለክለው ጠጠሩን እንጂ እሱን አይደለም።

ማጠፊያው ውስጥ ጥቃቅን ጥርሶችና ተንሸራታች ብረቶች አሉ። አምራቾቹ አቧራውን ጠርጎ የሚያስቀር እንደ ብሩሽ ያለ ጭረት ውስጡ ያስገባሉ፤ ሳምሰንግ በ2020 ከመጀመሪያው ዜድ ፍሊፕ ጀምሮ አድርጎታል። ይረዳል፣ ግን ሁሉንም አያስቀርም። አቧራ የገባበትን ማጠፊያ ጆሮዬ ጋ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ስከፍተው፣ ሽሮ ውስጥ የቀረ አሸዋ ጥርስ ላይ ሲደቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ከተሰማ ሁለት ነገር ይከተላል፦ ወይ ስልኩ እስከ መጨረሻው መዘርጋት ያቅተዋል፣ ወይ አንዲት ቅንጣት ከስክሪኑ ጀርባ ገብታ እጥፋቱ ላይ እንደ ብጉር ትነሳለች። ብጉሯ ላይ ስትዘጉት ስክሪኑ ከውስጥ ይወጋል።

በ2025 ጉግል ያወጣው ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ አይፒ68 ያገኘ የመጀመሪያው ታጣፊ ነው። ስድስቱ አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው። እንደ እኛ ባለ ከተማ ለሚኖር ሰው ከካሜራው ቁጥር በፊት ይህችን ስድስት ፈልጉ እላለሁ። ካላገኛችሁ ደግሞ አቅማችሁ የሚችለው መከላከል ነው፦ ብቻውን የሚቀመጥበት ኪስ ወይም ከረጢት ይኑረው፣ ነፋስ ላይ ቆማችሁ አትክፈቱት፣ ማታ ማታ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጠፊያውን ከውጭ ጥረጉት። በኮምፕረሰር አየር አትንፉበት፤ ያለውን አቧራ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ውሃውንም ቢሆን አትመኑት። ፈተናው የሚደረገው በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ይዞ ለመግባት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ውስጠኛውን ፕላስቲክ መላጥ

ተራ ስልክ ስንገዛ ፊቱ ላይ ያለውን ላስቲክ መላጥ ልማዳችን ነው። ታጣፊ ላይ ይህ ልማድ ስልክ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች ሲሰጥ፣ አንዳንዶቹ የፊቱን ሽፋን ተራ ላስቲክ መስሏቸው ላጡት፤ ስክሪኑ ሞተ። ሌሎች ስልኮች ላይ ደግሞ ከማጠፊያው በኩል ባዕድ ነገር ገባ። ሳምሰንግ ሽያጩን ወደ መስከረም ገፍቶ፣ የሽፋኑን ጠርዝ ከፍሬሙ ሥር ደብቆ፣ የማጠፊያውን ጫፎች ደፍኖ መለሰው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ከፕላስቲኩ ሥር ከፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ አላቸው። ሰው "ብርጭቆ ነው" ሲባል ልቡ ያርፋል። የምትነኩት ግን ብርጭቆውን ሳይሆን ከላዩ ያለውን ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ጥፍር ምልክት ይተውበታል። ከዓመት በኋላ እጥፋቱ ላይ አየር ይገባውና ነጭ መስመር ይሠራል። መቀየር ይቻላል፣ ግን በልኩ አሙቆ፣ በቀስታ፣ ለዚያው ሞዴል በተሠራ ሽፋን ነው።

አንዲት ቡና የምትሸጥ ጎረቤቴ ወንድሟ ከዱባይ የላከላትን ቁልቁል የሚታጠፍ ስልክ ይዛ መጣች። "ወንድሜ፣ ይቺን ላስቲክ ቀይርልኝ፣ አየር ገብቶባታል" አለችኝ። ምንጣፌን ዘርግቼ ማሞቂያውን ስሰካ፣ እሷ ሥራ ልታቀልልኝ ብላ መሃል ላይ የተነሳውን በጥፍሯ ይዛ ሳበችው። "ኧረ ተይ!" ስል እጥፋቱ ላይ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቅ እንጀራ ሲሰበር እንደሚሰማው። መጀመሪያ አንዲት አረንጓዴ መስመር ወረደች። ከዚያ ጥቁር ቀለም ከመሃል ወደ ላይም ወደ ታችም እየሰፋ ሄደ። "ምን ሆነ? ላስቲኩን እኮ ነው የላጥኩት" አለች። ብርጭቆው አብሮ ተሰንጥቆ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ለተራ ስልክ የሚለጠፈውን ጠንካራ ግላስ ውስጠኛው ስክሪን ላይ አታስለጥፉ። ስልኩ ሲዘጋ ግላሱ አይታጠፍም፤ የሚጎዳው ከሥሩ ያለው ነው። ስልክ ስትገዙ ግላስ በነጻ እንለጥፋለን የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ለውጩ ስክሪን ብቻ እሺ በሉ።

ያገለገለውን በፎቶ መግዛት

እዚህ ከሚዞሩት ታጣፊዎች ብዙዎቹ ከውጭ ሰው ተጠቅሞባቸው የመጡ ናቸው። ዋጋቸው ከአዲሱ በእጅጉ ስለሚወርድ ያጓጓሉ። በቴሌግራም የተለጠፈ ፎቶ ግን እጥፋቱን አያሳይም፤ ሻጮቹ ስክሪኑን አብርተው ከፊት ለፊት ነው የሚያነሱት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን በአካል ያዙትና ጊዜ ወስዳችሁ ፈትሹት።

መጀመሪያ ዘርግታችሁ ስክሪኑን ከመብራት አጥፉትና በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ስስ ጎድጓዳ መስመር የሁሉም ታጣፊ ተፈጥሮ ነው፤ ስንጥቅ፣ ነጭ እድፍ ወይም እብጠት ግን አይደለም። ዘግታችሁ ከጎን ተመልከቱት፦ ሁለቱ ግማሾች እኩል ተገጣጥመዋል? ወይስ አንዱ ጫፍ ላይ ክፍተት አለ? ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁት። አብዛኞቹ በፈለጋችሁበት ማዕዘን ቆመው መቅረት አለባቸው፤ በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ማጠፊያው ደክሟል። ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ አድምጡ፤ ከላይ ያልኳችሁን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ከዚያ አብሩትና ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱ። በመጨረሻ አንድ አፕ ምልክት በጣታችሁ ይዛችሁ፣ ሳትለቁ፣ እጥፋቱን እየተሻገራችሁ ስክሪኑን ሙሉ አዳርሱት። መሃል ላይ ከእጃችሁ ካመለጠ የስክሪኑ ንክኪ መሞት ጀምሯል።

"ይሄማ ትንሽ ነገር ነው፣ ይስተካከላል" የሚላችሁን ሻጭ አስተካክሎ እንዲሸጥላችሁ ጠይቁት።

የስክሪኑን ዋጋ ሳይጠይቁ የስልኩን ዋጋ መደራደር

የተራ ስልክ ኤልሲዲ ሲሰበር እኔ ጋ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ሳትጨርሱ ይቀየራል። የታጣፊ ውስጠኛ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ከፍሬሙና ከማጠፊያው ጋር ተጣብቆ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ መካከለኛ ስልክ ይበልጣል፣ ዕቃውም እዚህ መደርደሪያ ላይ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ ውስጠኛውን ስክሪን አልከፍትም፤ ፈርቼ ሳይሆን፣ ብሳሳት የምተካው ስለሌለኝ ነው። ሌላ አገር የተገዛ ስልክ ዋስትናው ብዙ ጊዜ እዚያው አገር ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት "ይህ ስክሪን ቢሞት ማን ይቀይርልኛል? በስንት? በስንት ቀን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አዲስ አበባ አንድ ልጅ አለ" ከሆነ ስልኩን ተዉት ብዬ እመክራለሁ።

ለሥራችሁ የማይሆነውን መምረጥ

ታጣፊ ከንቱ ነው የሚሉትን አልቀበልም። እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውን ይዞ አዲስ አበባ እስኪደርስ አውቶቡስ ላይ የኤክሴል ሠንጠረዥ የሚያርም የሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ላፕቶፕ መሸከም አቁሟል። ማስታወሻውን በፒዲኤፍ ለሚያነብ ተማሪም፣ ዓይኑ ለደከመ ሰውም ትልቁ ስክሪን ዕረፍት ነው። ቁልቁል የሚታጠፈው ደግሞ ከኪስ ትንሽነቱ ሌላ የሚጨምረው ነገር ብዙ አይደለም።

የባጃጅ ሹፌር ግን አይግዛ። አንዱ ስልኩን መሪው አጠገብ በመያዣ ወጥሮ፣ ለፀሐይና ለአቧራ ሰጥቶት ሲሠራ ከርሞ አመጣልኝ፤ መያዣው ሲጨብጠው ማጠፊያው ተጣሞ ነበር። ግንባታ ላይና ወፍጮ ቤት የምትሠሩም እንደዚሁ። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤትም ባትሪውን አስተያዩ፦ ፎልድ 7 ያን ሁሉ ስክሪን ይዞ 4,400 ሚሊአምፒር ነው፤ የዚያው ድርጅት የማይታጠፍ ኤስ25 አልትራ 5,000 ነው።

ማግኔቱንም አትርሱ። ተዘግቶ እንዲጣበቅ የሚያደርገው ማግኔት ጥቁር መስመር ያለውን የባንክ ካርድ ሊያበላሽ ስለሚችል አብራችሁ አታስቀምጡ። ልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ጭራሽ አይክተተው።

ፎቶና ስልክ ቁጥር ሌላ ቦታ አለማስቀመጥ

ተራ ስልክ ሲሰነጠቅ ብዙውን ጊዜ እየሠራ ይሰነብታል። የታጣፊ ውስጠኛ ስክሪን ግን ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ጥቁር ነው። በስፋት የሚከፈተው ዓይነት ውጭ ሙሉ ስክሪን ስላለው ያድናችኋል። ቁልቁል የሚታጠፈው፣ በተለይ ውጭው ጠባብ የሆነው የቆየ ሞዴል፣ አያድንም። የቡና ነጋዴዋ ጎረቤቴ ስልክ ይበራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፤ ፒኑ የሚጻፍበት ስክሪን ግን የለም። ውስጡ ባለፈው ዓመት ያረፉት አባቷ ፎቶዎች አሉ። "ጉግል ፎቶ ላይ ይቀመጣል?" ብዬ ጠየቅኋት። "ዳታ ይበላል ብለውኝ ዘግቼዋለሁ" አለችኝ። ዋይፋይ ባገኛችሁበት ጊዜ ብቻ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ስልኩን በገዛችሁበት ቀን፣ ሲም ከማስገባታችሁ በፊት አስተካክሉት።

ወንድሟ ስክሪን እስኪልክ ስልኩ እኔ ጋ ነው። ባትሪው እንዳይበላሽ አልፎ አልፎ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት አላርም መሳቢያዬ ውስጥ ይጮኻል፣ ከዚያ በራሱ ዝም ይላል።