የሽፋኑ ፎቶ ለምን ደበዘዘ?
የማኅበራችንን መጽሔት ሽፋን ለማተሚያ ቤት ልኬ የሙከራ ኅትመቱ ሲመጣ ፎቶው ብዥ ብሏል። ስክሪን ላይ እኮ ጥርት ያለ ነበር! ፎቶሾፕ ውስጥ «ኢሜጅ ሳይዝ» ከፍቼ «ሪሳምፕል» የሚለውን (የፎቶውን ፒክስሎች ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን ነጥቦች ቁጥር የሚቀይረውን) አጠፋሁና ሪዞሉሽኑን በአንድ ኢንች 300 ፒክስል አደረግሁት፤ ስፋቱ 7.2 ሴንቲ ሜትር ላይ ወረደ። የሽፋኑ ወረቀት ኤ4 ስፋት ደግሞ 21 ነው። ለካ ፎቶው በቴሌግራም ሲላክ ተጨምቆ 853 በ1280 ፒክስል ብቻ ቀርቷል። (መጀመሪያ ሪሳምፕሉን ሳላጠፋ 300 ጽፌ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን ፒክስል ከራሱ ፈጥሮ ነው የሞላልኝ።) ፎቶ አንሺውን «እባክህ በፋይል መልክ ላክልኝ» አልኩት፤ 4000 በ6000 መጣ። አሁን ከመላኬ በፊት የፒክስሉን ስፋት ለ300 አካፍዬ በ2.54 (የአንድ ኢንች ሴንቲ ሜትር) አባዛለሁ፤ የሚወጣው ቁጥር በጥራት የሚታተምበት ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለተኛው ሙከራ የነጠላው ጥለት ክር ሳይቀር ይታያል።