«ቴክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየቦታው መጠቀም፦ ለጎንደር አስጎብኚዎች

«ቴክ» ማለት «ወሰደ» ብቻ ነው ብሎ የያዘ አስጎብኚ ገና ፋሲል ግቢ በር ላይ ይቸገራል። ፎቶ ማንሳት «ቴክ ኤ ፎቶ» ነው፤ የአማርኛውን «ማንሳት» ተከትሎ «ሊፍት» ማለት እንግዳውን ግራ ያጋባል። ባጃጅ መያዝም፣ መድኃኒት መዋጥም በ«ቴክ» ይሄዳል። ጊዜ ሲሆን አይከብድም፤ እኛም «ይወስዳል» እንላለን።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው «ቴክ ኦፍ» ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፦ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»። ጫማውን በተውላጠ ስም ስትተኩት ግን ተውላጠ ስሙ የግድ መሃል ይገባል፦ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። አውሮፕላን ከአዘዞ ሲነሳም ያው «ቴክ ኦፍ» ነው፤ እዚህ መሃሉ አይከፈትም፣ ተሳቢ የለውማ። ላለፈ ጊዜ «ቱክ»፣ ከ«ሃቭ» በኋላ «ቴክን» በሉ፤ «ቴክድ» የሚባል የለም።