ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት ፕሮግራማችሁን እንደ ባዕድ ሞክሩት

የፕሮግራመርነት ሥራ የምትፈልጉ ሁሉ፣ ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ-ገጽ ላይ ያስቀመጣችሁትን ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር፣ እሱ ካልተገኘም በአዲስ ባዶ ማህደር ውስጥ አውርዳችሁ አስነሱት። እኔ ይህን ሳላደርግ ልኬ አፍሬአለሁ። ቤቴ ያለ እንከን የሚሠራው ፕሮግራም በቃለ መጠይቅ አድራጊው ኮምፒውተር ላይ አልነሳም አለ። ለካ አንዲት የማዋቀሪያ ፋይል ጊትሃብ ላይ ሳልጭን ቀርቻለሁ!

ቀጥሎ ፕሮጀክቱ ምን እንደሆነ የሚያስረዳውን፣ ሪድሚ የሚባለውን ፋይል በደንብ ጻፉ። ቀጣሪው ፕሮጀክቱን ሲከፍት የሚያነበው እሱን ነው፤ ኮዱን ጭራሽ ላያየው ይችላል። «በሪአክትና በኖድ የተሠራ» ብላችሁ የመሥሪያዎቹን ስም ብቻ ብትነግሩት ምን እንደሠራችሁ አያውቅም። «የመጻሕፍት ውሰት ይመዘግባል፤ የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ለተዋሰው ሰው ኢሜይል ይልካል» ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል። አንድ የስክሪን ምስልና የማስነሻ ትእዛዞቹን ጨምሩበት፣ በቃ።

ጊትሃብ እስከ 6 ፕሮጀክቶችን በገጻችሁ አናት ላይ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል። ስድስቱንም የግድ መሙላት ግን የለባችሁም። ከመማሪያ ቪዲዮ የተቀዳውን የዕለት ሥራዎች ዝርዝር መመዝገቢያ ፕሮግራም ቀጣሪዎች አይተው ጠግበውታል፤ ሁለት ብቻ ቢሆኑም የራሳችሁን አሳዩ።

ኮዱ ውስጥ የይለፍ ቃል ረስታችሁ ትታችሁ ከነበረ ደግሞ መሰረዙ ብቻ አይበቃም። የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት የተባለው መሣሪያ የቀድሞውን ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ይዞት ስለሚቆይ፣ የይለፍ ቃሉን ራሱን ቀይሩት።